የጁሊ ምሕረቱ ነጥቦች

አዲስ አበባ ውስጥ ረቂቅ ሥዕል ከተሰቀለበት ግድግዳ ፊት ትንሽ ቆየት ያለ ሰው አንድ ጥያቄ ሳይሰማ አይመለስም፤ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ጥያቄው የቆየ ነው። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ትምህርቱ ተመልሶ በ1963 ሥራዎቹን ለከተማው ሰው ባቀረበ ጊዜም ብዙውን ተመልካች ግራ አጋብቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዳንድ ሠዓሊዎች ጥያቄውን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል፤ ሥዕል ይታያል እንጂ አይፈታም ብለው ወሬውን ይዘጉታል። እኔ ግን ጥያቄውን አከብረዋለሁ። እንዳከብረው ያደረገችኝ አዲስ አበባ የተወለደች አንዲት ሠዓሊ ናት። በተማሪነቷ ዘመን ይህንኑ ጥያቄ ለገዛ እጇ አቀረበች፣ ከዚያም መልሱን ፍለጋ ዓመታት ወሰደች።

ጁሊ ምሕረቱ ናት። ሰው የሚያውቃት በግዙፍ ሸራዎቿ ነው። መስመር በመስመር ላይ ይደራረብባቸዋል፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው አንዳች ትርምስ ይታያል፣ ቀረብ ሲሉ ደግሞ ከትርምሱ ውስጥ የሕንፃ ፕላን፣ የስታዲየም ደረጃ፣ የአየር ማረፊያ አዳራሽ ብቅ ብቅ ይላል። ስሟ ሲነሣ ቶሎ የሚጠቀሱት እነዚህ ሸራዎችና የተሸጡበት ዋጋ ናቸው። የታሪኩ መነሻ ግን ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ስስ ፕላስቲክ ላይ በጥቁር ቀለም የተተከሉ ነጥቦች ናቸው።

ጊዜው 1996 ነው። ጁሊ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ በሚገኘው የሮድ አይላንድ ዲዛይን ትምህርት ቤት ለሁለተኛ ዲግሪ ሥዕልና ኅትመት ትማራለች። በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ተማሪ ሥራውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ መምህራንና የክፍል ጓደኞቹ ፊት ይቆማል። ይህን መስመር ለምን እዚህ አሰመርከው? ይህ ቅርጽ ከየት መጣ? እየተባለ ይፈተናል። «እንዲሁ መጣልኝ» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ እዚያ የቆመ ሰው ለሠራው ነገር ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

የጁሊ እጅ በዚያን ጊዜ የራሱን ምልክቶች ማውጣት ጀምሮ ነበር። አጫጭር ሰረዞች፣ ነጥቦች፣ ጥምዞች፣ ክንፍ የሚመስሉ፣ ዓይን የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ሳታቅድ ይወጡላታል። ደጋግመው ስለመጡ የእርሷ መሆናቸውን ታውቃለች። ምን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚፈልጉ ግን መናገር አትችልም። ብዙ ወጣት ሠዓሊ እዚህ ላይ ሲደርስ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ምልክቶቹን ትቶ ሰው የሚያውቀውን ነገር መሳል ይጀምራል፣ ወይ ጥያቄውን ችላ ብሎ በዚያው ይቀጥላል። ጁሊ ሁለቱንም አላደረገችም። ብዕር ይዛ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ማጥናት ጀመረች።

ያጠናችበት መንገድ ለእኔ የዚህ ታሪክ ልብ ነው። እያንዳንዱን ምልክት ለብቻው አወጣችው። ተመሳሳዮቹን ሰበሰበች፣ የሚለያዩትን ለየች። አርክቴክቶች ፕላን የሚያነሡበትን ማይላር የሚባል ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ዘርግታ በቀጭን የብዕር ጫፍ ጻፈቻቸው። ከዚያ ጥያቄዎቿን ደረደረች። ይህ ነጥብ ብቻውን ይኖራል ወይስ ከመሰሎቹ ጋር? ሲበዙ ምን ይሆናሉ? ከማያውቁት ጋር ሲገናኙ ይጣላሉ ወይስ ይዋሐዳሉ? ከዚህ ተነሥተው የት ይሄዳሉ? ለምልክቶቹ ማንነት ሰጠቻቸው፤ የራሳቸው ሐሳብና የመንቀሳቀስ መብት ያላቸው ገጸ ባሕርያት አድርጋ ቆጠረቻቸው። በ1996 ከሠራቻቸው ንድፎች አንዱ ርእሱ በእኛ ቋንቋ «የፍልሰት አቅጣጫ ካርታ» ማለት ነው። በ1997 የሠራችው ሌላው «የገጸ ባሕርያት ጠባይ በጊዜ ቅደም ተከተል ሲተነተን» የሚል ነው። ርእሶቹን ብቻ ያነበበ ሰው የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት ሰነድ ያገኘ ሊመስለው ይችላል። እርሷም የያዘችው ሥራ ቆጠራ ነበር፤ የሚቆጠሩት ግን የገዛ እጇ ምልክቶች ነበሩ።

በዚህ ሥራ መሐል ያገኘችው ነገር አለ። ምልክቶቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ጠባይ ያሳያሉ። ሃምሳ ነጥብ ባንድ አቅጣጫ ሲሰለፍ ተመልካቹ ስደት ያያል። ሰረዞች ጥግ ላይ ሲታጨቁ ከበባ ይሆናል። ሁለት መንጋ ፊት ለፊት ሲገናኝ ማንም ሳይነግረን ውጊያ መሆኑን እናውቃለን። አንዱ ምልክት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ትርጉም የሚመጣው ከብዛታቸውና ከአቀማመጣቸው ነው። ከዚህ በኋላ ጁሊ የሠራችው ሁሉ፣ የፎቅ ቁመት ያላቸው ሸራዎች ጭምር፣ ከዚህ ግኝት የወጣ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ዞር ማለት ያስፈልጋል። ጁሊ በኅዳር 1970 አዲስ አበባ ተወለደች። አባቷ ፕሮፌሰር አሰፋ ምሕረቱ የጂኦግራፊ ምሁር ናቸው፤ እናቷ አሜሪካዊት የሞንቴሶሪ መምህርት ናቸው። በ1977፣ ቀይ ሽብር ከተማውን በያዘበት ዓመት፣ ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተሰደደና ሚሺጋን ግዛት ኢስት ላንሲንግ ከተማ ኑሮውን መሠረተ። ጁሊ ያኔ የስድስት ሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ከፍ ስትል በዚያው ግዛት በካላማዙ ኮሌጅ ተማረች፤ በመሐሉ ከ1990 እስከ 1991 ዳካር ሄዳ በሼክ አንታ ዲዮፕ ዩኒቨርሲቲ ቆየች። በ1992 ከካላማዙ ተመረቀች።

የጂኦግራፊ መምህር ልጅ ካርታ ብትሥል ምን ይገርማል የሚል ሰው ይኖራል። የስደተኛ ልጅ ስለ ፍልሰት ብትሥል ምን ይደንቃል የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ፤ እኔ ግን በዚህ ብቻ ረክቼ ማለፍ አልፈልግም። ከአዲስ አበባ በዚያው ዓመት የተሰደደ ልጅ ብዙ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ልጅም ብዙ ነው። ከእነዚያ ሁሉ አንዷ ብቻ ተነሥታ ነጥብን «ከየት መጣህ?» ብላ የጠየቀችው ሕይወቷ ስላስገደዳት አይመስለኝም። ሕይወት ጥያቄውን ሊያቀብል ይችላል። ማይላሩን ዘርግቶ፣ አጎንብሶ፣ ሌሊቱን ነጥብ በነጥብ የሚያነጋ ግን የሠዓሊው ትዕግሥት ነው።

ትምህርቷን በ1997 ጨርሳ ወደ ቴክሳስ ሄደች። ሂዩስተን የሚገኘው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከትምህርት ቤት ለወጡ ወጣት ሠዓሊዎች ስቱዲዮና ድጎማ የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው፤ እዚያ ገባች። ሁለተኛው ግኝት የተገኘው በዚያ ዘመን ነው፤ የመነጨውም ከችግር ነው። ምልክቶቹ ማንነት አላቸው፣ ይንቀሳቀሳሉ፣ ይጣላሉ። የሚኖሩበት ስፍራ ግን የላቸውም። በባዶ ነጭ ላይ የሚፈልስ ሕዝብ ከየትኛው ከተማ እንደወጣ አይታወቅም። ስለዚህ ከተማ ልትሠራላቸው ፈለገች፤ የሕንፃ ፕላን፣ የምሽግ ንድፍ፣ የመንገድ ካርታ፣ የአየር ማረፊያ አቀማመጥ መሰብሰብ ጀመረች።

ፕላኑንና ምልክቶቹን አንድ ላይ ማኖር ቀላል አልነበረም። በአንድ ወረቀት ላይ ቢሠሩ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል። መፍትሔውን የሰጣት የእጅ ሥራ ነው፤ ዘዴውም በዝርዝር ሊነገር የሚገባው ነው። ሸራው መጀመሪያ በደንብ ይለበጣል። የሕንፃው ፕላን በቀለም ብዕር፣ በማስመሪያ ይሣላል። ከላዩ ከሲሊካ ጋር የተቀላቀለ መስተዋት የሚመስል አክሪሊክ ይረጫል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ ብራና የሚዳምጥ ሰው ቆዳውን ብዕር እስኪቀበልለት ድረስ እንደሚፍቀው፣ ያ ገጽም አንዲት ጉብታ እስከማትቀርበት ድረስ ይፋቃል። ከዚያ በላዩ ሌላ ንድፍ። እንደገና አክሪሊክ፣ እንደገና ማሸት። በመጨረሻው ገጽ ላይ ምልክቶቹ ይሰፍራሉ። ሥዕሉን ከጎን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው መስመሮቹ እኩል ጥልቀት ላይ አለመሆናቸውን ያስተውላል። አንዳንዱ መስመር በርቀት ሰምጦ ደብዝዟል፣ አንዳንዱ እጅ ቢሰዱ የሚነካ ይመስላል። ያ ጥልቀት በብርሃንና በጥላ ብልሃት የመጣ ሳይሆን በእርግጥ እዚያ ያለ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተገኘ ውፍረት ነው።

ከማን ተማረች? ከብዙ ሰው። ከሠዓሊዎቹ ከካንዲንስኪና ከማሌቪች ረቂቅ ቅርጽ አንድ ሸራ ሙሉ ሊሸከም እንደሚችል አየች። የጣልያን ፉቱሪስቶች ፍጥነትን በመስመር አሳይተዋል። የቻይና የተራራና የደመና ሥዕሎች ባዶ ስፍራ ምን ያህል እንደሚሠራ ያስተምራሉ። በዚህ ላይ የኮሚክ መጽሐፍ ፍንዳታዎችና ጭሶች፣ የከተማ ግድግዳ ጽሑፎች አሉ። ይህን ሁሉ ዘርዝሮ ሥዕሏን የተበዳሪ ሥራ አድርጎ የሚያይ ሰው ይሳሳታል። የተዋሰችውን ሁሉ የምታሳልፍበት ወንፊት ነበራት፤ እነዚያ የ1996 ነጥቦች። ካንዲንስኪ ወደ ሸራዋ ሲገባ በነጥቦቹ መሐል ነው የሚያልፈው። አንድ ሠዓሊ የራሱን ምልክት አጥንቶ ካወቀ በኋላ ከየትም ቢወስድ አይጠፋም። ሳያውቅ የወሰደ ግን የወሰደውን ይሆናል።

በ1999 ኒው ዮርክ ገባች። በዚያን ጊዜ ሐርለም ውስጥ ፕሮጀክት የሚባል ጋለሪ ነበር፤ ገጣሚና ሐያሲ የሆነው ክርስቲያን ሄይ በ1998 የከፈተው ነው። ትልልቆቹ ጋለሪዎች ከሚገኙበት የማንሃተን ሰፈር ርቆ በጥቁሮች ሰፈር መሐል የተተከለ፣ አነስ ያለ፣ ገና ስም ያላወጡ ሠዓሊዎችን የሚያምን ቤት ነበር። በዚያው ሰፈር ያለው የሐርለም ስቱዲዮ ሙዚየም ከ2000 እስከ 2001 ስቱዲዮ ሰጣት፤ በ2001 ቴልማ ጎልደን ባዘጋጀችው «ፍሪስታይል» በተባለው ዐውደ ርእይም ሥራዋ ቀረበ። በዚያው ዓመት ፕሮጀክት ጋለሪ የግል ዐውደ ርእይ አደረገላት። የአንድ ሰፈር ሁለት በሮች ናቸው፤ በእግር የሚደረስባቸው። ዓለም የሚያውቃት ሠዓሊ የወጣችው ከእነዚህ በሮች ነው፤ የሰፈር ጋለሪ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማምጣት አልችልም።

ዝና ሲመጣ ገንዘብ ይከተላል፣ ገንዘብ ሲመጣ ክርክር። አንድ ሰብሳቢ ለፕሮጀክት ጋለሪ 75 ሺህ ዶላር ሰጥቶ በምትኩ ሥዕሎችን ቀድሞ የመምረጥ መብትና ቅናሽ ለማግኘት ተስማምቶ ነበር። የጁሊ ሥዕሎች ፈላጊያቸው በዝቶ ለሌሎች ሲሸጡ ሰውዬው ከሰሰ። በ2005 የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ለከሳሹ ፈረደ፤ ካሳውም ከ1.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ጁሊ ተከሳሽ አልነበረችም። ጉዳዩን የማነሣው ለወሬ ብዬ አይደለም። አንድ ሥዕል ከስቱዲዮ ከወጣ በኋላ ማን እንደሚያገኘው፣ በምን ዋጋ፣ በየትኛው ስምምነት፣ ሠዓሊው ራሱ የማያውቅበት ጊዜ መኖሩን ስለሚያሳይ ነው። በ2023 «ከንጋትና ከማለዳ ጋር የሚራመዱ» የሚል ርእስ ያለው የ2008 ሥዕሏ ኒው ዮርክ ውስጥ በጨረታ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ ጋዜጦች ብዙ ጻፉ። ይሁንና በአሜሪካ ሕግ ሥዕል ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ለሠዓሊው የሚከፈል ድርሻ የለም።

ለእኔ ግን ከዝናዋ መጀመሪያ ዘመን የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው። በ2003 የሚኒያፖሊሱ ዎከር የሥነ ጥበብ ማእከል «ከንድፍ ወደ ሥዕል» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ ዐውደ ርእይ ሲያዘጋጅላት፣ ጁሊ ሥራዋን ሰቅላ ብቻ አልተመለሰችም። በዚያ ከተማ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች በብዛት ይኖራሉ። የእነዚህን ቤተሰቦች ወጣት ልጆች ሰብስባ ካሜራ ሰጠቻቸው፤ የምትኖሩባትን ከተማ አሳዩኝ አለቻቸው። የሥራው ርእስ «ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ናቸው» የሚል ነው። ልብ ብሎ ላየው ሰው ይህ ያው የ1996 ጥያቄ ነው፤ ከየት መጣችሁ፣ የት ትሰበሰባላችሁ፣ ከተማውን ምን አደረጋችሁት? በዚህ ጊዜ መላሾቹ ሥጋና ደም ያላቸው ልጆች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሸራዎቹ አደጉ። በ2004 «ስታዲያ» የተባሉትን ሦስት ሥዕሎች ሠራች፤ የስታዲየም ክብ ደረጃዎች፣ ባንዲራ የሚያስታውሱ ቀለሞች፣ በመሐሉም የማይቆጠር የምልክት ሕዝብ። በ2005 የማክአርተር ሽልማት 500 ሺህ ዶላር ተሸለመች። በ2009 ኒው ዮርክ ለሚገኘው የጎልድማን ሳክስ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት 24 ሜትር ርዝመትና 7 ሜትር ቁመት ያለው ሥዕል አስረከበች፤ በርሊን ላይ ከብዙ ረዳቶች ጋር የሠራችው ነው። ስለዚህ ሥዕል ብዙ ተብሏል፤ እኔ አልፌዋለሁ።

የማላልፈው የ2012ቱን ነው። ካሴል በተባለችው የጀርመን ከተማ በሚካሄደው፣ ዶኩሜንታ በተባለው የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ «ሞጋማ» የተባለ በአራት ክፍል የተሠራ ሥዕል አቀረበች። እያንዳንዱ ክፍል ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ቁመት አለው። ሞጋማ ካይሮ ታሕሪር አደባባይ ላይ የቆመው፣ የመንግሥት ቢሮዎች የነበሩበት ሕንፃ ነው፤ ግብፃውያን በ2011 የተነሡት በእርሱ ጥላ ሥር ነው። ጁሊ ግን ታሕሪርን ብቻ አልሣለችም። ሕዝብ የተሰበሰበባቸውን የሌሎች ከተሞች አደባባዮችም ንድፍ አንዱን ባንዱ ላይ ደረበች። ከእነዚያ መሐል የአዲስ አበባው መስቀል አደባባይ አለ።

ይህን ሳውቅ ሥዕሉ በሌላ ዓይን ታየኝ። መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። በሚያዝያ 1977 ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እየወረወሩ የከሰከሱት እዚያ ነው። የፕሮፌሰር አሰፋ ቤተሰብ ከአገር የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ደመራ የሚደመርበት፣ ሠልፍ የሚወጣበት፣ ሰው የሚፈራበትና የሚደሰትበት ያ ደረጃማ ሜዳ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ በቀጭን መስመር ተሥሎ፣ በአክሪሊክ ተሸፍኖ፣ ተፍቆ፣ ከካይሮ ጋር ተደርቦ ጀርመን ላይ ተሰቀለ። በላዩም ነጥቦቹ ይሮጣሉ። የ1996ቱ የፍልሰት ካርታ አንደኛው መነሻ ስፍራ የተገኘ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ሕንፃዎቹ ከሸራዋ መውጣት ጀመሩ። ፕላኑ፣ ማስመሪያው፣ ስታዲየሙ ቀረ። ግራጫ ደመና፣ በእጅ የተዳበሰ ጥቁር፣ ተጽፎ የተሰረዘ፣ እንደገና የተጻፈ ምልክት ብቻ ቀረ። በ2017 ለሳን ፍራንሲስኮ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሠራቻቸው ሁለት ግዙፍ ሥዕሎች እያንዳንዳቸው ከ8 ሜትር በላይ ቁመትና ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ስፋት አላቸው፤ የሚበቃቸው ስቱዲዮ ስላልተገኘ ሐርለም ውስጥ አገልግሎት ያቆመ ቤተ ክርስቲያን ገብታ ሠራቻቸው። መደባቸው የአሜሪካን ምዕራብ የሚያሳዩ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎችና የዘመናችን የጎዳና ሁከት ፎቶግራፎች ናቸው፤ ተደባልቀውና ደብዝዘው። በላያቸው ግን ያው እጅ፣ ያው ሰረዝ፣ ያው ነጥብ። ከተማው ፈርሷል፤ ነዋሪዎቹ አሉ።

በሐምሌ 2016 ሥራዎቿ አዲስ አበባ ገቡ። ዐውደ ርእዩን ያዘጋጀው ዳግማዊ ውብሸት ነው፤ ቦታው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል። ይህ ቤት ጀርመን ተቀምጠው የኖሩት የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች ሲመለሱ በ2008 የተከፈተ ነው። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ፣ የብራና ሥዕል ይሠሩ ከነበሩት ከአባቱ ከአለቃ ደስታ እግር ሥር ሥዕልን አይቶ፣ ኮሎኝ ተምሮ፣ አዲስ አበባ አስተምሮ፣ በ1981 በስደት አሜሪካ ውስጥ አረፈ። የእርሱ ሥዕሎች ከስደት በተመለሱበት ቤት የእርሷ ሥዕሎች መሰቀላቸው ልብ የሚነካ ነገር ነው። ሁለቱ በዕድሜ አይገናኙም፣ በትምህርት ቤትም አይገናኙም። የሚያገናኛቸው ረቂቅ ሥዕል ኢትዮጵያዊ ሊሆን አይችልም ለሚል ሰው ሁለቱም በሥራቸው መልስ መስጠታቸው ነው።

የአዲስ አበባ የሥዕል ኑሮ ድሃ ነው ብዬ አላምንም። አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሠዓሊ እያወጣ ነው። እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሶ ከ1966 እስከ 1969 አስተምሮበታል። ቆንጂት ሥዩም የከፈተችው አስኒ ጋለሪ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለስንቱ ወጣት የመጀመሪያ ግድግዳ ሆኗል። ነፃ የጥበብ መንደር በፈረንሳይ ፓርክ ሠዓሊዎችን ከዛፍ ሥር ሰብስቦ ነበር። በ2016 የተከፈተው አዲስ ፋይን አርት ጋለሪ ሠዓሊዎቻችንን ይዞ ለንደን ድረስ ሄዷል። የጎደለን አንድ ነገር ግን አለ። ያየኋቸው ዐውደ ርእዮች የሚያሳዩት ያለቀ ሥዕል ነው። ፍሬም ገብቶ፣ ዋጋ ተለጥፎበት። ሠዓሊው ከዚያ የደረሰበት ደብተር፣ ያልተሳካው ወረቀት፣ የመጀመሪያው ነጥብ አይታይም። ተመልካቹ ትርጉሙን ሲጠይቅ የሚጠቁመው ነገር ከፊቱ የለም።

ከ2019 እስከ 2022 ሎስ አንጀለስን፣ አትላንታን፣ ኒው ዮርክንና ሚኒያፖሊስን በዞረው የጁሊ ትልቅ ዐውደ ርእይ ላይ የ1996 ንድፎች ከግዙፎቹ ሸራዎች ጋር ነበሩ። የተማሪ ወረቀት ናቸው፤ በጠረጴዛ ላይ የሚበቁ። ተጠብቀው ስለቆዩ ግን ሸራዎቹ እንዴት እንደሚነበቡ የሚያስተምሩት እነርሱ ሆኑ። ማንም ሰው እነዚያን ወረቀቶች ለአምስት ደቂቃ ካየ በኋላ በትልቁ ሸራ ፊት ሲቆም ነጥቦቹን መከተል ይችላል፤ ይህኛው መንጋ ከዚህ ተነሣ፣ ይሄ እዚህ ተበተነ እያለ። ለዚህ የሥነ ጥበብ ዲግሪ አያስፈልግም።

እንግዲህ ለሥዕል ተማሪዎቻችን የምለው፣ የዛሬ ወረቀታችሁን አትጣሉ፤ ቀን ጻፉበትና አስቀምጡት። ኪራይ ሲወደድ፣ ቤት ስትቀይሩ መጀመሪያ የሚጣለው እርሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ለመምህራን፣ ተማሪው ያስረከበውን ንድፍ ነጥብ ሰጥታችሁ መጋዘን አትወርውሩት። ለጋለሪ ባለቤቶች ደግሞ፣ ግድግዳ በካሬ ሜትር እንደሚከፈልበት፣ የማይሸጥ ነገር መስቀል ኪሳራ መሆኑን ሳልዘነጋ እለምናችኋለሁ፤ በሚቀጥለው ዐውደ ርእያችሁ አንድ ግድግዳ ለሠዓሊው የመጀመሪያ ንድፎች ልቀቁ።